ቀይ ቀለም ካስወጣሁ ወዲህ

ጅግጅጋ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህን የምጠይቀው ለወጉ ነው እንጂ ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ። አንተ መቼ ታመህ ታውቃለህ! አብረን በኖርንበት ዘመን ራስህን ሲያምህ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በሰው ሠርግ ላይ ስትጨፍር አድረህ ነው። አሁንማ የአዳማ ኑሮ ተስማምቶህ ቦርጭህ ካንተ ቀድሞ በር እንደሚገባ ጭነት የሚያመላልሱት አቶ የጌታሁን ነግረውኛል። እናትህ እንዴት ናቸው? የእሳቸውን ጤና የምጠይቀው ከልቤ ነው። ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። ይህችን መስመር ዘልያታለሁ። ናፍቆቱ እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። የቀረውን ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

ምነው ብትደውዪ ኖሮ እንዳትለኝ። ደውዬልህ አይቻለሁ። ነገሩ መረር ሲልህ «ኔትወርክ ተቆራረጠ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ይህን የምጽፍበት ወረቀት ደግሞ የሠርግ ካርድ ስንቆርጥ የተረፈ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወርቃማ መስመር ስላየህ ላንተ ክብር የመረጥኩት እንዳይመስልህ። እጄ ላይ የነበረው እሱ ነው።

አቶ የጌታሁን ሸቀጥ ሊያራግፉ ሲመጡ መልእክትህን አድርሰውኛል። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ያንተን ቃል ሲነግሩኝ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ቢታንያ አሥረኛ ክፍልን ስለጨረሰች ወደ አዳማ ትምጣ፣ ክረምቱን አዲሱ ማተሚያ ቤቴ ገብታ ሙያ ትልመድ፣ ከዚያም እዚያው ትቅር፣ ጅግጅጋ ለሴት ልጅ ምን ተስፋ አለው ብለሃል አሉ። ከሰባት ዓመት በኋላ ልጅ እንዳለችህ ትዝ አለህ። ድንቄም አባት! መልሴን ከታች ታገኘዋለህ። ግን ዘለህ እንዳትሄድ፤ የዋርፋን ነገር ሳታነብ መልሴ አይገባህም፤ እንደ ልማድህም «ይህች እልኸኛ» ብለህ ትወረውረዋለህ።

ዋርፋን መቼም አልረሳኸውም። ረስተኸው ከሆነም ላስታውስህ፦ ያ ረጅሙ፣ ቀጭኑ፣ ማሽኑ ሊበላሽ ሲል በድምፁ የሚያውቀው ሠራተኛህ። ከደገሀቡር ገና ጢም ሳያበቅል መጥቶ አንተ ዘንድ ተቀጠረ፣ ሽበት ያወጣውም እዚያው ያንተ ኦፍሴት ማተሚያ ማሽን ሥር ነው። እኔን «አባዮ» ነበር የሚለኝ፤ በሶማልኛ እህቴ ማለት መሆኑን አንተ እንኳ ታውቃለህ። አንተን ደግሞ «ጋሼ» ይልህ ነበር። ከእኔም፣ ከሚስቱም ይልቅ አንተን ያምን ነበር። የጎዳውም ይኸው ነው።

በሐምሌ 2010 ያ ግርግር ሲነሳ አንተ ወረቀት ልትገዛ ድሬዳዋ ነበርክ። ከተማው ሲጨስ፣ የእኛ ሰው ሱቅ ሁሉ ሲሰበር፣ ዋርፋ በራችን ላይ ቆሞ ይህ ቤት የእኔ ነው፣ የሚነካው በሬሳዬ ላይ ተራምዶ ነው ብሎ መለሳቸው። ሚስቱ ነስራ ለእኔ ጅልባቧን አልብሳ፣ ቢታንያን ከልጆቿ ጋር ቀላቅላ ቤቷ አስገባችን። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ አፍደም ተወልጄ ሶማልኛን ከአማርኛ እኩል ነው አፌን የፈታሁበት። ያን ቀን ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቃል መናገር አቅቶኝ ነበር። ስልክ ሲከፈት ደወልክ። መጀመሪያ የጠየቅከኝን ታስታውሳለህ? ማሽኑ ተርፏል ወይ አልከኝ። ልጅህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ድምፅህን ትሰማ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ያንተ ግን ባሰ። የአህያ ባል ቢያንስ ጭነቱ ደህና ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ጅግጅጋን በዓይንህ አላየሃትም። ይሁን፤ መፍራት የሰው ነው፣ ብዙ ሰው ፈርቶ ሄዷል፣ አልፈረድኩባቸውም። አንተን የምንቅህ ፈርተህ ስለሄድክ አይደለም። ሄደህ ሳለ አለቃ ሆነህ ስለቀረህ ነው። የክልሉ ስምና ባንዲራ ሲቀየር የቢሮ ወረቀትና ፖስታ ሁሉ እንደ አዲስ ይታተም ተባለ፤ ከሽንሌ እስከ ደገሀቡር ያለ መሥሪያ ቤት በራችን ላይ ተሰለፈ። አንተ አዳማ እናትህ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠህ በስልክ ታዘናለህ፤ እኛ እዚህ ቀንና ማታ እናትማለን።

ያ ቤት እንዴት እንደነበር ደግሞ ልንገርህ። ባለቤቱ ብትሆንም አታውቀውም፤ ያንተ ቢሮ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ የራሱ በርና የራሱ ቬንትሌተር ነበረው። የጅግጅጋን ንፋስ ታውቀዋለህ። ከካራማራ ወርዶ አቧራውን ሲያነሳው ሰው ሻይ እንኳ ክዳን አድርጎ ነው የሚጠጣው። አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ እየተኛ ኅትመት ያበላሻል ብለህ መስኮቶቹን ሁሉ ፕሌት በምንለው አሮጌ የማተሚያ ቆርቆሮ አስመታሃቸው፤ ምስማሩን የመታው ዋርፋ ነው። እዚያ ታፍነን ማሽኑን በቤንዚን እናጥባለን፣ እጃችንን በቤንዚን እንታጠባለን፣ ጨርቁን ኪሳችን ውስጥ እንከታለን። በኋላ ከድንበሩ ከቶጎ ውጫሌ ያ ቢጫ ጀሪካን መጣ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሽታው ጣፋጭ ነበር፤ ቀለሙን በአንድ ጊዜ ጠርጎ ያወጣዋል። አንተ ይህን የመሰለ ማጠቢያ አገኘሁ ብለህ ለአገር ሁሉ አወራህ። ቢታንያን ጡት ሳስጥል በወረቀት ካርቶን አስተኝቼ ከመቁረጫው አጠገብ ነበር የማስቀምጣት። ቶሎ ትተኛ ነበር፤ ጸጥተኛ ልጅ ናት እንል ነበር።

አንድ ቀን ዋርፋ ማሽኑ ላይ ዞሮበት ወደቀ። እኔ መስኮቱ ይከፈት፣ ንፋስ የሚያወጣ ማራገቢያ ይገጠም አልኩህ። አንተ ምን አመጣህ? ቢሻሮን አመጣህ! ወተት ሻጯን። የኬሚካል ማርከሻው ወተት ነው፣ የግመል ሲሆን ደግሞ የት ይገኛል አልክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሻሮ በየጠዋቱ ወተቷን ይዛ ትመጣለች፤ እያንዳንዳችን በዚያ ቤንዚን በሚሸት እጃችን ኩባያችንን ይዘን ግጥም እናደርጋለን። አንተም ቢሮህ ሆነህ ትጠጣ ነበር። ወተቱ ላንተ ሠርቷል፤ ቤንዚኑን ነክተህ ስለማታውቅ ነው የሠራው። አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ለሠራተኞችህ ወተት እንደምትሰጥ ስትነግረው ጎበዝ አሠሪ ብሎህ ወጣ። ሁለታችሁም ባለ ዲግሪ ናችሁ። አይ ትምህርት!

ሶማሌ ለግመል ወተት ያለውን ክብር አንተ ለራስህ ጥቅም አዋልከው። ዋርፋ ወተት ያሳደገው ሰው ነው። ወተት ያድናል ስትለው ለምን ይጠራጠር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። በ2014፣ ከዒድ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት፣ ቀይ ካርድ በላይ በላዩ ታዘዘ። ዋርፋ ሳምንቱን ሙሉ ቀይ ሲያትም ከረመ። በእነዚያ ቀናት ደውለህ ለዋርፋ ሁለት ኩባያ ወተት ይሰጠው አልከኝ። ለምን ስልህ የወንዶች ጉዳይ ነው ብለህ ሳቅክ። እኔም እንዳልከው ሁለት ኩባያ አስቀዳለት ጀመር። ምክንያቱን ከነስራ የሰማሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለካ ዋርፋ ሽንቱ ቀልቶበት ደንግጦ አንተን ጠይቆሃል። ለእኔ እንዳይነግረኝ ሴት ነኝ፤ ለሚስቱ እንዳይነግራት አፈረ። ስለዚህ ለጋሼው ነገረ። አንተ ምን አልከው? ቀይ ስታትም ስለሰነበትክ ቀለሙ ነው፤ ወተቱ ከሰውነትህ ጠርጎ እያወጣው ነው፣ ጨምርበት አልከው።

እስቲ አሁን ቁጭ ብለህ አስበው። ደም ነው። ሰውዬው ደም እየሸና ቀለም ወጣልኝ ብሎ ተደሰተ! ሥራው ወደ ጥቁር ሲቀየር እንኳ የቀድሞው ቀይ ገና አላለቀም ይል ነበር፤ አንድ ሰሞን ሲጠፋለት ይኸው ጠራሁ ይላል፣ ሲመለስበት ወተት ይጨምራል። ነስራ ልብሱን ስታጥብ አይታ ብትጮህበት ቀለም ነው፣ ጋሼ ነግሮኛል ብሎ አስቆማት። እሷም የማተሚያ ቤት ሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ናት፤ ቀይ ቀለም ያላየችበት ሳምንት የለም። አመነችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ዋርፋ ግን አልደበቀም፤ ላንተ ነግሮህ ነበር።

ነስራ እያለቀሰች እኔ ዘንድ ስትመጣ እሱ መቆም አቅቶት ነበር። ከተማው ውስጥ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ኪኒን ሲውጥ ከረመ። ሐረር ሄድን፣ ከሐረር አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ በካሜራ አይተው፣ ቆንጥረው ወስደው መረመሩ። የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው አሉ፣ ቆይቷል አሉ። ሐኪሙ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ሥራህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ማተሚያ ቤት ሲላቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ማሽኑን በምን ታጥባላችሁ፣ እጃችሁንስ፣ መስኮት አለው ወይ፣ ታጨሳለህ ወይ እያሉ ጠየቁ። ዋርፋ ሲጋራ አፉ ነክቶ አያውቅም። ሁሉንም ከመለሰ በኋላ ኮራ ብሎ፣ ጋሼ ግን ወተት አዞልን ነበር አላቸው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱን። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው አሉ። የምትተነፍሱት ግን ወደ ሳንባ፣ እጃችሁ ላይ የሚፈሰውም በቆዳ አልፎ ወደ ደም ነው። ኩላሊት ከደሙ ያጣራውን ፊኛ ይዞ ይቀመጣል፤ ወተቱ እዚያ ምንም አያደርግለትም። ይህ በሽታ ከዚያ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነው የመጣው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም፣ ሁሉም አታሚም ይታመማል ማለት አይደለም፤ ግን እንዲህ ባለ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል አሉ። ከሁሉ በላይ ያንገበገባቸው ሌላ ነው። ቀዩን ያየህ ዕለት መጥተህ ቢሆን ኖሮ አሉና ሳይጨርሱት ብዕራቸውን አነሱ። ዋርፋ በአማርኛው የጎደለውን እንድተረጉምለት ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት፤ ያንን የመጨረሻውን ግን ዋጥኩት።

ባለፈው ኅዳር ሞተ። ጁምዓ ነበር፤ ከሶላት በኋላ ቀበሩት። ለተዕዚያው፣ ለለቅሶው እንኳ አልመጣህም። ደወልክ። ዘላለም የማልረሳውን ያን ጥያቄ ጠየቅከኝ። ወተቱን ያቋርጥ ነበር እንዴ አልከኝ! ሰው ነህ? ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት ያን ቀን ነው። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ስማ። አምና በፍቺ ከተለያየን ወዲህ ማተሚያ ቤቱ የእኔ ነው፤ ምስማሩን በራሴ እጅ ነቅዬ መስኮቶቹን ከፈትኳቸው። ጀሪካኑን አስወጣሁት፣ ጓንት አስገባሁ፣ ማራገቢያውም ተገጠመ። አሁን ካርዶቻችን ላይ የአቧራ ነጥብ ይታያል። ደንበኛ ሲያጉረመርም ጅግጅጋ ውስጥ አቧራ ሳይነካው ያገባ ማን አለ እለዋለሁ፤ ስቆ ይወስዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያፈነን ነገር በአንድ ቀልድ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ወተቱንም አስቀረሁ። ቢሻሮ ተቆጣች፣ የግመል ወተት ምን በደለ አለች። ነገሩን ስነግራት የወተት ዕቃዋን መሬት አስቀመጠችና፣ ወላሂ፣ ወተት ምግብ ነው፣ መድኃኒት ነው ያላችሁስ ማነው አለችኝ። ስምህን ነገርኳት። አሁን አዳማ ድረስ የሚሰማ እርግማን በሶማልኛ ታወርድብሃለች፤ እኔ አልተረጉመውም።

ሌላም ነገር አስወጣሁ። ቀይ ቀለም። ያለውን ቆርቆሮ ሁሉ አስወጣሁ፤ ቀይ የፈለገ ሌላ ቤት ይሂድ አልኩ። የሠርግ ካርድ በወርቃማና በሰማያዊ ብቻ ሆነ። ሰው አበደች አለኝ። እኔ ግን የማደርገውን አውቃለሁ። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ቀይ ካየ ቀለም ነው ብሎ ራሱን እንዳያሞኝ ነው።

አሁን ስለ አዲሱ ማተሚያ ቤትህ። በአቶ የጌታሁን ስልክ የላክኸውን ፎቶ አየሁት። ያምራል። ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ አዳማም እንደ ጅግጅጋ አቧራ አላትና። ሠራተኞቹ ተሰልፈው ማስክ አድርገዋል፤ የሁሉም ማስክ ከእሽጉ የወጣበት እጥፋት እንኳ አልተዘረጋም። ለፎቶ ነው ያደረጉት። ከኋላቸው ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የታሸገ ወተት ተደርድሯል። አልሸሹም ዞር አሉ! ከግመል ወደ ላም፣ ከኩባያ ወደ ፌስታል ማለፍህ ነው ሥልጣኔው። ልጄን እንድልክልህ የፈለግኸው እዚያ ውስጥ ነው፣ ፕሌት ልታጥብልህ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ አንተንና ሥራህን አንድ ላይ አይተው መሰለኝ።

እንግዲህ መልሴን ትጠብቃለህ። እንደ ልቤማ ቢሆን መልሴ አንድ ቃል ነበር፤ እሱንም በትልልቅ ፊደል አትሜ፣ ግድግዳህ ላይ እንድትሰቅለው እልክልህ ነበር። አቶ የጌታሁን መልእክቱን የነገሩኝ ዕለትም ያን ቃል ነግሬአቸው ነበር። ሁለት ሳምንት ደገሀቡር ቆይተው ሲመለሱ ግን ይቆዩኝ፣ ደብዳቤ ልጽፍ አልኳቸው።

ቀይ ቀለም ከቤቴ ከወጣ ሰባት ወር ሊሆነው ነው። ነግሬሃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጣቴን እንኳ አላስነካሁትም። ስለዚህ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጠዋት ከሽንት ቤት ስወጣ ቀለም ነው ብዬ ራሴን የማሞኝበት ነገር አልነበረኝም። በቀጥታ ነስራ ዘንድ ሄድኩ። ፊቴን አየችና ጅልባቧን ደርባ ተነሳች። አዲስ አበባ እዚያው ሐኪም ዘንድ ገባን። ገና በሩ ላይ ሳለሁ አወቁኝ። ተቀመጪ አሉኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ብለው አልጠየቁኝም።

ሐምሌ ሲገባ ለሕክምና ተመልሼ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሳቸውም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ነስራ የምታስታምመኝ እኔ ነኝ ብላለች፤ ልጆቿን ለእናቷ ትታ። ወላጆቼ እንደሌሉ ታውቃለህ። ከአዳማ አዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ልታየኝ ትችላለች። ስለዚህ ቢታንያን እልክልሃለሁ። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብከው። ጅቡ መጥቷል፤ ያለኝም የአህያ ባል አንድ አንተ ነህ።

ግን ስማኝ። የምልካት ላንተ ሳይሆን ለእናትህ ነው። ከእሳቸው ጋር ትተኛለች፣ ከእሳቸው ጋር ትበላለች፣ መስከረም ሲጠባ አሥራ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ያን ምድር ቤት ደጃፉን እንዳትረግጥ። ምሳ እንኳ ላድርስልህ ብትልህ ከውጭ ወጥተህ ተቀበላት። ልብስህን ቀይረህ፣ እጅህን በሳሙና ታጥበህ ሳማት። ራሷን አሞኛል ካለችህ ወተት እንዳትሰጣት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ቀይ አየሁ ካለችህ ደግሞ፣ በምትወደው ሁሉ ይዤሃለሁ፣ እንዳትስቅ።

ለእሷ የነገርኳት ለሥራ ክረምቱን አዲስ አበባ እመላለሳለሁ ብዬ ነው። አንተም ከዚያ አትውጣ። መዋሸት መቼም ከብዶህ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ለደግ ነገር ዋሽ። መንገሩ ግድ ሲሆን እኔው እነግራታለሁ። ብልህ ልጅ ናት። ቀለም ማስወጣቴን ስታይ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ አሁን አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ከሽንት ቤት ስወጣ ፊቴን ፊቴን ታየኛለች።

የምድር ቤቱን መስኮት ነገር ደግሞ አልለምንህም። አንተን መለመን አልወድም። ሠራተኞችህ ግን የሰው ልጆች ናቸው፤ እነሱም ጋሼ ይሉህ ይሆናል።

በምርቃት መጨረስ የደብዳቤ ወግ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ስረግምህ ኖሬአለሁ፤ በአንዱም አላፍርም። ዛሬ ግን እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ማሾፌ አይደለም፤ እያለቀስኩም አይደለም፤ አንተ ዘንድ እንባ ማባከን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ከክፉ ይጠብቅህ፣ ጉልበትህን ያጽናው፣ ፀጉርህ ነጭ እስኪሆን፣ ልጅህን ድረህ፣ ልጅ ስማ እስክታይ ያቆይህ። ኑርልኝ አልልህም። ኑርላት።

የልጅህ እናት